መስኮቱን ያጠብኩ ቀን

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን መብራት እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው ካለ አንገቴን ለካራ! ሠላሳ ዓመት ለፊልም ሠሪዎች መብራት ተሸክሜያለሁ። የዛሬውን ትከሻዬን አትዩት፤ ድሮ ሁለት ትልልቅ መብራት ከነእግራቸው ባንድ እጄ ነበር የማነሳው። ሚስቴ ምስክሬ ናት፤ እሷ ደግሞ ሰው ማሞገስ አይሆንላትም።

ወሬዬ ግን ስለ ካሜራማኑ ነው። «አጥፋው» እንለዋለን። እኔ ሳበራ እሱ «ጋሼ፣ አጥፋው!» ሲል ይውላል። መዳፉን ዘርግቶ ጣቶቹ ላይ የሚያርፈውን ጥላ ያያል።

«ጋሼ፣ ፊት የሚያምረው ግማሹ ሲደበቅ ነው» ይለኛል።

«እንግዲያው አንተንስ ሙሉውን እንደብቅህ!»

ያን ሰሞን አሠሪያችን «ሥራህ ሁሉ ጨለማ ነው፤ የዛሬውን ካልወደድኩት ነገ ሌላ ሰው አመጣለሁ» አለው። የአጥፋው የመጀመሪያ ልጅ በተወለደች በሳምንቷ!

የዕለቱ ሥራ አንዲት እናት ጠባብ ኩሽና ውስጥ የልጇን ደብዳቤ ስታነብ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ የምትገባው ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ አጥፋው ሦስት ቀን ተመላልሶ አጥንቷታል። እኔም ልርዳው ብዬ፣ ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ የስንት ዓመት ጥቀርሻ የጠጣውን መስታወት በሳሙና ፈተግኩት። ፊት አይተው ፀጉር የሚያበጥሩበት አደረግኩት!

አጥፋው ገባ፤ መዳፉን ዘረጋ፤ ክው አለ።

«ጋሼ፣ መስኮቱን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ! መርቀኝ።»

«ብርሃኑን የሚያለሰልስልኝ እኮ ያ ጥቀርሻ ነበር!»

ዞር ብዬ በዚያ ኃይለኛ ብርሃን ተዋናይቷን ባያት፣ እናት መሆኗ ቀርቶ እጅ ከፍንጅ የተያዘች ሌባ መስላለች። ነጭ ጨርቅ ብንጋርድ ክፍሉ ሐኪም ቤት ሆነ። አሠሪው በር ላይ ሰዓቱን ያያል።

ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያ ይፈላል። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ አጥፋውም ልክ ያኔ አየው እንጂ! ያለውን ድስት ሁሉ ውሃ ሞልተን ጣድን። መስታወቱ በእንፋሎት ደመነ፤ ክፍሉ ደብዘዝ አለ። ካሜራው ሲጀምር ምድጃውን አጠፋን። እንፋሎቱ ከመስታወቱ ጠርዝ ቀስ እያለ ሲለቅ፣ ብርሃኑ መጀመሪያ ያረፈው ወረቀቱ ላይ ነው። ከወረቀቱ ተመልሶ ወደ ፊቷ ወጣ። ደብዳቤው አበራት በሉኝ!

አሠሪው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ጨለማ ነው» አለ፤ ከዚያ ወደ አጥፋው ዞሮ «ነገ በጊዜ ና» አለው።

አጥፋው አንገቴን አቅፎ «ጋሼ፣ ቃል ግባልኝ፤ ሁለተኛ ሳሙና እንዳትነካ» አለኝ።

እኔ ደግሞ ቃሌን አላጥፍም። የዚያን ዕለት ማታ ለሚስቴ ነገርኳት፤ ዕቃ ማጠብ ተከልክያለሁ።