የእሜቴ ሁዳዴ

ማንያታ ሰፈር ውስጥ የልጁን ዩኒፎርም ማሰፋት የፈለገ ሁሉ ፉንዲ ዳኜ ዘንድ ይሄዳል። በሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ልብስ ሰፊውም ግንበኛውም መካኒኩም ‹ፉንዲ› ነው የሚባለው፤ እሱን ከሌሎቹ መለየት የፈለገ ሰው ‹የእባቡ ፉንዲ› ይለዋል። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከመንዝ መጥቶ እዚህ ከከተመ ሠላሳ አራት ዓመት አለፈው። እስከ ዛሬ የሰፋው ሱሪ ተቀጣጥሎ ቢዘረጋ ማርሳቢት ከተማ ይደርሳል። ግን ሱሪ ምን ያኮራል? ልጆቹ በአንድ የትምህርት ተርም ጉልበቱን በስተው ይመልሱለታል። እሱን የሚያኮራው ከስፌት ክፍሉ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል፣ በፕላስቲክ ሳፋ አሸዋ ሞልቶ የሚያረባቸው እባቦች ናቸው።

እባብ ሲባል ታዲያ ማንም ፀጉሩ አይቁም። እነዚህ መርዝ የላቸውም። አጫጭርና ወፋፍራም ናቸው፤ ብርቱካንማ ቆዳቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ፤ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ዓይናቸውን ብቻ አውጥተው ይውላሉ። እንቁላል አይጥሉም፣ ልጅ ነው የሚወልዱት። ዳኜ የማርቢያ ፈቃዱን በመስታወት አስከድኖ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። ተማሪዎች ተሰልፈው ሲመጡ፣ በስፌት መኪናው ላይ ሲጎብጥ የሚውለው ሰውዬ ቀጥ ብሎ ይቆምና «ቀስ፣ ቀስ ብላችሁ ያዟት፣ እሷም ትፈራለች» እያለ ያስተምራቸዋል። ያኔ ላየው ሰው ፕሮፌሰር ነው።

አምና ሰኔ ላይ ነፋሱና ብርዱ ሲበረታ እባቦቹ የአፍ ቁስል ያዛቸው። ዳኜ በአንድ ወር ውስጥ ስድስቱን ቀበረ። ወንዶቹ በሙሉ አለቁ። የተረፈችው እሜቴ ብቻ ናት፤ የሁሉም እናትና አያት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከእጁ የበላች፣ የጎልማሳ እጅ አንጓ የምታህል። እሷም አርጅታለች። ባለፈው የወለደቻቸው አራት ብቻ ነበሩ፣ ከእነሱም ሁለቱ ሞተው ነው የወጡት። ዘንድሮ ካልወለደች ከእንግዲህ አትወልድም፤ ዳኜ ዕድሜውን የጨረሰበት ዘርም እዚያው ላይ ያበቃል። ይህን እያሰበ ወንድ እባብ ፍለጋ ያልጠየቀው እረኛ፣ ያልለመነው ሹፌር አልነበረም።

ወንዱ በመጨረሻ ተገኘ፤ ግን በሁዳዴ ተገኘ።

የዳኜ ሚስት ቆንጂት ሄሉ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ጾም የማታፈርስ፣ ቅዳሴ የማታስታጉል ሴት ናት። ዳኜ እሜቴን ባመጣበት ዓመት፣ በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከእባቧ አፍ የአይጥ ጭራ ተንጠልጥሎ አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «በዚህ ጾም ቤቴ ውስጥ ነፍስ ሲበላ ማየት አልፈልግም!» ብላ ወጣች። ያለችው ይኸው ነው። ዳኜ ደግሞ ሚስቱ አንዴ የተናገረችውን ሁለተኛ የሚያስደግም ሰው አይደለም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እባቦቹ ሁዳዴን ይጾማሉ። የቅበላ ዕለት ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት አይጥ ይሰጣቸዋል፣ ከዚያ እስከ ፋሲካ ምንም የለም። እባብ ሁለት ወር ባይበላ አይሞትም። ማገናኘቱንም ከፋሲካ በኋላ ያደርገዋል፤ ሴቶቹን ሦስት ሳምንት በደንብ አብልቶ፣ ከዚያ ወንድ ይጨምርላቸዋል። በዚህ ሥራ የተራበች ሴት ዘንድ ወንድ አይገባም። ዳኜ ይህን ያውቃል፤ የሚያናድደውም እያወቀ ያደረገው መሆኑ ነው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ወዳጁ ታዲቻ ከጎዶማ መጣ። ታዲቻ ቦረና ነው፣ የፍየል ነጋዴ፤ ሰባት ልጆቹን ዩኒፎርም ያለበሰለት ዳኜ ነው።

«ፉንዲ! ኮርማ አመጣሁልህ!» አለ ገና ከደጅ፣ አፉ የታሰረ የበቆሎ ጆንያ አንጠልጥሎ። «ድንጋይ ስር ነው ያገኘሁት። ሚስት እየፈለገ ነበር፣ ሃኪ ያ ሙንጉ!» ብሎ በስዋሂሊ ማለ።

ዳኜ ጆንያውን ፈትቶ አየ። አውራ ጣት የማይሞላ ቀጭን፣ ሁለት ስንዝር የማይደርስ ወንድ እባብ። ጤነኛ ነው። ዳኜ ታዲቻን አቅፎ ትከሻው ላይ አለቀሰ። ታዲቻ እንዲህ ያለ ነገር ስለማይወድ እየሳቀ ገፋ አደረገው።

እሜቴ ሰኞ ቆዳዋን ጥላ ነበር። ሴት እባብ ጠረኗ ወንድ የሚጠራው ቆዳዋን በጣለች ሰሞን ነው፤ ሳምንቱ ካለፈ ያልፋል። ወንዱም ቢሆን በዚህ ወቅት ምግብ አይነካም፤ ለፋሲካ ገና ሦስት ሳምንት ቀርቷል፤ ከዚያ እሷን የማብላቱ ሦስት ሳምንት ሲጨመር፣ ያ ቀጭን ፍጡር እስከዚያ መቆየቱን ማን ያውቃል?

«መጀመሪያ አብላት እንጂ» አለ ታዲቻ፣ ዳኜ ነገሩን ሲያስረዳው።

«ሁዳዴ ነው።»

«እሷ ኦርቶዶክስ ናት እንዴ?»

«ቆንጂት አትወድም።»

«እንግዲያስ እኔ ቤት ወስደህ አብላት።»

«ከጀርባዋማ አላደርገውም።»

«ሂድና ጠይቃት! ሱቋ እዚህ ነው፣ ናይሮቢ አይደለም።»

ዳኜ ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ ጾሟን ይዛ ስትጸልይ እሱ ስለ አይጥ ሊያወራት? አሥራ ስምንት ዓመት ያከበረላትን ቃል ዛሬ ችግር መጣብኝ ብሎ ሊመልስባት? አፈረ። ታዲቻ «ሳዋ፣ እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ወደ ፍየሎቹ ሄደ።

ወንዱ የመጣበት ጆንያ የበቆሎ ነው፤ የበቆሎ ጆንያ ደግሞ አይጥ የማይተኛበት የለም። ዳኜ ይህንንም አልረሳም፤ ወንዱ አይጥ አይጥ ከሸተታት ምግብ ይመስላታል። ወንዱን ለብ ባለ ውሃ ሁለት ጊዜ አጠበው። አፍንጫው ላይ አድርጎ አሸተተው፤ ምንም አይሸትም። ከዚያ ሳምንቱ እንዳያልፍበት ፈርቶ፣ አማትቦ እሜቴ ሳፋ ውስጥ ለቀቀው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ አማረ። ወንዱ ምላሱን እያወጣ አሸዋውን ዞረው፣ አገኛት፣ ጀርባዋ ላይ ወጣ። ከጭራው ስር ባሉት ትንንሽ ጥፍሮች ጎኗን ይኮረኩራት ጀመር። እሜቴ ጭራዋን ቀና አደረገች። ዳኜ ቁጢጥ እንዳለ በሆዱ የሚወለዱትን ልጆች መቁጠር ጀመረ፤ አሥር እንኳ ባይሆኑ አምስት፣ አምስት ባይሆኑ ሁለት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይበቁታል። ከስፌት ክፍሉ በኩል አንዲት እናት «ፉንዲ!» ብላ ተጣራች። የልጇ ሸሚዝ ሁለት ቁልፍ ጎድሎት ነበር። ዳኜ ቁልፎቹን ተክሎ፣ ክሩን በጥርሱ በጥሶ ተመለሰ።

እሜቴ ወንዱን ሦስት ዙር ጠምጥማው ነበር። ጭንቅላቱ አፏ ውስጥ ገብቷል።

ውሃ ደፋባት። ስሟን እየጠራ፣ እንደ ሰው እየለመናት፣ ጭራዋን ይዞ ሊፈታት ሞከረ። እሷ ግን ሠላሳ ሁለት ቀን የጾመች ናት፤ የያዘችውን አጠበቀች። ቢጎትት ጥርሷ ይሰበራል፣ አፏ ይቆስላል፤ የአፍ ቁስል ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አምና አይቷል። ወንዱ መንቀሳቀስ አቁሞ ነበር። ዳኜ እጁን ሰበሰበና ቁጭ ብሎ ስትውጠው አየ። ረጅም ጊዜ ፈጀባት።

ቆንጂት ሱቋን ዘግታ ስትመጣ እዚያው መሬት ላይ አገኘችው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ታዲቻ ወንድ አምጥቶልኝ ነበር። በላችው።»

«እንዴት ትበላዋለች?»

«ርቧት ነዋ።»

«ለምን ይርባታል? አታበላትም እንዴ?»

ዳኜ ቀና ብሎ አያት። የምትቀልድበት መሰለው። «ሁዳዴ አይደለም? አንቺ እኮ ነሽ ያልሽው… በዚህ ጾም ቤቴ ውስጥ ነፍስ ሲበላ ማየት አልፈልግም ብለሽ፣ እሜቴን ባመጣሁበት ዓመት።»

ቆንጂት ለማስታወስ ሞከረች። ፊቷ ላይ ምንም አልመጣም።

«እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?» አለች። «ዳኜ፣ በእመቤቴ፣ ትዝም አይለኝ። ደንግጬ የተናገርኩት ይሆናል። እኔ እኮ በዚህ ወራት የማይበሉ መስሎኝ ነበር። ተፈጥሯቸው መስሎኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አንዴ አልጠየቅኸኝም?»

ዳኜ እጁ ላይ የቀረውን አሸዋ አራገፈ። እውነትም ለምን እንዳልጠየቃት አያውቅም። ወዷት ነው፣ አክብሯት ነው፤ ፈርቷትም ሊሆን ይችላል። ቆንጂት አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እባብ የምትጠላዋ ሴት ሳፋውን ወደ ራሷ ስባ አሸዋውን ስታየው እንባዋ ወረደ።

«ከነገ ጀምረህ አብላት» አለችው። «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

«ምን ያደርግላታል» አለ ዳኜ። «ጠግባለች።»