ሻለቃው የተሸከሙት ልጅ

ወንድሜ ከግንባር ለእረፍት ሲመጣ መጀመሪያ ያየው እግሬን ነበር። «ካልሲህን አውልቅ» አለኝ። አወለቅኩ። በጣቶቼ መሃል ቁስል እንዳለ ተመለከተና «ደህና ነህ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። አስር አለቃ ነው፤ አስር ያህል ወታደሮች ያሉበት ጓድ ይመራል። የጓዱን ልጆች እግር ሳያይ አይተኛም።

ያን ሰሞን ለመኮንንነት ኮርስ ታጭቶ ነበር። ከገባ ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ይወጣል፤ ጓዱን ግን ለሌላ ያስረክባል። እናታችን እንዲገባ ፈለገች፤ ኮርሱ እስኪያልቅ ከግንባር ይርቃል። እሱ እምቢ ሊል አስቧል። መልሱን በመጣ በነጋታው በስልክ ማሳወቅ አለበት።

በዚያ ቀን ከምሳ በኋላ ሰፈራችን ሳቢያን፣ ጎረቤታችን ቤት ለበርጫ ተቀመጥን። ሰውየው የድሮው ጦር ሻለቃ ናቸው። ቬንትሌተሩ ሙቁን አየር ያዞራል።

«ለምንድነው የማትገባው?» አሉት።

«ልጆቹን ማን ያይልኛል ሻለቃ?»

«አቦ፣ ጦር ነው የምትመራው ወይስ መዋዕለ ሕፃናት?»

ሳቅን። እሳቸው የጫት ቅጠል እየመረጡ ቀጠሉ። «እኔም እንዳንተ ነበርኩ። አስር አለቃ ሆኜ የማን ጫማ እንደሚጠብ አውቅ ነበር። ሻለቃ ሆኜም ይህ አመል አልለቀቀኝም። ውጊያ መሃል አንድ ልጅ ቆሰለ። ራሴ ተሸክሜው ቁልቁል ወረድኩ። ሬዲዮው እዚያው ቀረ። የሻምበል አዛዦቹ ‹እናፈግፍግ ወይ?› እያሉ ይጠሩኛል፤ መላሽ የለም።»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«አንተ ግጥምህን ጻፍ» አሉኝ፤ ግጥም እንደምሞክር ያውቃሉ። «ምን ከዚያ አለው? ትእዛዝ ሲጠብቁ ከነወታደሮቻቸው አለቁ። የተሸከምኩት ልጅ ከዚራ ሰፈር ሱቅ አለው፤ በየዒዱ ሥጋ ይልክልኛል። ካለቁት አብዛኞቹን በስም እንኳ አላውቃቸውም። ጀግና ተባልኩ ደግሞ፣ ወላሂ።»

«ታዲያ እግር አይታይ ነው የሚሉኝ?» አለ ወንድሜ።

«የሚያይ ሰው ትመድባለህ፤ ማየቱንም ትጠይቃለህ። አንተ ሬዲዮው ጋ ትቀመጣለህ። ልጁ እየጮኸም ትቀመጣለህ። ከፍ ስትል ሥራው ያ ነው።»

ወንድሜ ስልኩን ይዞ በረንዳ ወጣ። ድምፁ በመስኮቱ ይሰማኛል። «እገባለሁ... አዎ፣ ኮርሱ ውስጥ። ጓዱን ማን ይረከባል?» መልሱን አዳመጠ። «ገና አልተመደበም? እሺ።»

ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ደስ እንዲለኝ ወይም እንዲከፋኝ ጠበቅኩ፤ አንዱም አልመጣም። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጠራ። ከጓዱ ልጆች አንዱ ነው።

«አንሳው እንጂ፣ ስልክ እኮ ነው!» አሉት ሻለቃው።

«ልጁ እየጮኸም ትቀመጣለህ አላሉኝም?» አለ ወንድሜ፤ ስክሪኑን እያየ ተቀመጠ። ጥሪው እስኪያበቃ አላነሳም።