ጽዋዋ ወደ ደጀ ሰላም የሄደች ቀን

ልጅ እያለሁ ከቤታችን ዕቃ ሁሉ የምፈራው ጽዋዋን ነበር። ነጭ ሻሽ የለበሰች ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ናት። የሚካኤል ማኅበራችን ተራ ደርሶን እኛ ቤት በምትሰነብትበት ወር ከመደቡ ራስ ትቀመጣለች፤ እኔም በእሷ ፊት አልሮጥም፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አልደባደብም፣ ማስነጠስ እንኳ ቢመጣብኝ ወደ ውጭ እወጣለሁ። "ሚካኤል ይሰማል" ትለኝ ነበር እናቴ። ማንኩሳ ያደገ ልጅ ይሄን ያውቀዋል፤ ጽዋ ባለችበት ቤት ድምፅ ዝቅ ይላል።

ጽዋዋ ደጀ ሰላም በሄደችበት ዓመት አባቴ ሞቶ ነበር። ማኅበርተኛው እሱ ነው፤ እናቴ ግን "ቦታውን ባዶ አላደርግም" ብላ ተራውን ተቀበለች። ማኅበሩም ቢሆን ደህና አልነበረም። ወጣቶቹ ቡሬ ፋብሪካ ገብተዋል፤ የቀሩት ደግሞ አንዴ ለቅሶ ነው፣ አንዴ መንገድ ነው እያሉ መቅረት አብዝተዋል። ጽዋዋን በተረከብንበት ቀን ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ አያ ጫኔ፣ ተነሥተው፣ "በሚመጣው ወር ሰው ካልሞላ ጽዋዋን ለቤተ ክርስቲያን መልሰን እንበተናለን። በሚካኤል ስም መቀለድ ይብቃን" አሉ። የሚመጣው ወር እንግዲህ የእኛ ነው። እናቴ ጽዋዋን አቅፋ ስትወጣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ወሩን ሙሉ እንዴት እንደለፋች! ጠላውን ጠነሰሰች፣ መደቡን በእበት ለቀለቀች፣ ዳቦውን በኮባ ጠቅልላ ደፋች። ቄጠማውን ያጨድኩት እኔ ነኝ። የሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችን አባ ተገኘ መጡና መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። የዳቦውና የእርጥብ ቄጠማው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ሰው ብቻ ነው የጎደለው።

"ውቤ፣ እስቲ አጥሩ ጋ ውጪና እዪ" አለችኝ እናቴ።

ወጥቼ አየሁ። ማንም አይመጣም። ደግማ ላከችኝ፣ አሁንም ማንም የለም። ያየሁትን ግን አልነገርኳትም፤ ከጎረቤታችን ከማኅበርተኛዋ ከእትዬ ጥሩ ቤት ጭስ ይወጣል፣ አያ ጫኔም ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ለቅሶ የለም፣ መንገድ የለም። ሁሉም ቤታቸው አሉ! እናቴ ፊቴን አየችና የተረዳችው መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ አልላከችኝም። ፀሐይዋ ከበሩ አልፋ መደቡ ላይ ወጣች፤ ቄጠማው ጠወለገ። አባ ተገኘ ያስላሉ፣ መስቀላቸውን ያገላብጣሉ፣ ደግሞ ያስላሉ።

እናቴ ድንገት ብድግ አለች። "አባ፣ ይነሡልኝ። ጽዋዋን ወደ ቤቷ እንመልሳት።"

"ኧረ ልጄ፣ ትንሽ እንጠብቅ እንጂ፤ ሰው እኮ..."

"ሰውማ የለም፣ አባ።"

ጧፍ ለኩሳ ሰጠችኝና ጽዋዋን አቅፋ ወጣች። እኔ ከፊት፣ እሷ ከመሀል፣ አባ ከኋላ። ነፋሱ ጧፉን እንዳያጠፋብኝ በመዳፌ ጋርጄ ስሄድ ሰሙ ጣቴ ላይ ይንጠባጠባል፤ ያቃጥለኛል፣ ግን ማን ይተነፍሳል? ይህች መብራት ከጠፋች ማኅበሩም፣ የአባቴም ስም አብረው የሚጠፉ መስሎኝ ነበር።

የእኛ አገር ልማድ ግን አለ፤ ጽዋ በደጁ ስታልፍ ማኅበርተኛ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ አያሳልፍም። ተነሥቶ ይከተላታል። እትዬ ጥሩ አጥራቸው ሥር ሆነው ሲያዩን የያዙትን ሰፌድ ለቀቁት።

"በስመ አብ! እናኑ፣ ወዴት ነው?"

እናቴ መንገዷን ቀጠለች። "ጽዋዋ ወደ ባለቤቷ፣ ወደ ሚካኤል" አሉ አባ። እትዬ ጥሩ ነጠላቸውን እየጎተቱ ከኋላችን ገቡ። አያ ጫኔ ደጅ ስንደርስ እሳቸውም ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

"ማን ፈቀደልሽና ነው ይዘሻት የምትወጪ?"

"ማን መጥቶ ይፍቀድልኝ?"

አያ ጫኔ ጋቢያቸውን አጣፉና ተከተሉ። ከየበሩ አንድ አንድ እያለ ሰው ይጨመራል፤ የሚናገር የለም፣ የእግር ድምፅ ብቻ። ደጀ ሰላሙ ጋ ስንደርስ ዞር አልኩ። መንደር ያለው ማኅበርተኛ በሙሉ ከኋላችን ቆሟል!

"አሁን ከየት መጣችሁ?" አለች እናቴ። "ባል የሞተባት ሴት ቤት እግር አይረግጥም?"

አያ ጫኔ አንገታቸውን ደፉ። "ኧረ እንደሱ አይደለም፣ እናኑ። ብቻዋን ሆና እንዴት አስለፋታለሁ ብዬ ነው። ሌሎቹ ይሄዳሉ፣ እኔ አንድ ሰው ብቀንስላት ብዬ..."

"እኔስ ለምን ቀረሁ?" አሉ እትዬ ጥሩ። "እርስዎ አይቀሩም ብዬ እኮ ነው!"

"እኔም" አለ አንዱ። "እኔም" አለች ሌላዋ። ይሉኝታ ነው ለካ ማኅበሩን ደጀ ሰላም ያደረሰው! ሁሉም አዝኖልን፣ ሁሉም ቀርቶ።

እናቴ ሳቅም ለቅሶም መጣባት። "የምለፋውንማ ለፍቼ ጨርሻለሁ። ያጣሁት የሚጠጣ ሰው ነው!"

አባ ተገኘ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሴቶቹ እልል አሉ። ጽዋዋን ይዘን በመጣንበት መንገድ ተመለስን፤ ጧፉ እስከ ቤታችን ድረስ አልጠፋም። ጠላው እየተቀዳ ማኅበሩ እንደ አዲስ ተመከረበት። ቀኑ ቡሬ ፋብሪካ ያሉት ልጆች እንዲደርሱ ከሚካኤል ቀጥሎ ወዳለው እሑድ ተዛወረ፤ ዳቦውን ሁሉም ከየቤቱ ይዞ እንዲመጣ ተባለ። አያ ጫኔም አንድ ሕግ ጨመሩ፤ የሚቀር ሰው እንደሚቀር ራሱ መጥቶ ለባለተራዋ ይንገራት። ለመቅረት የመጣን ሰው ደግሞ ማን ይለቀዋል? "ልቀር ነው" ሊል የገባ ሁሉ ዋንጫ ተሞልቶለት ይቀመጣል።

አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፤ ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። አባ ተገኘ በሕይወት የሉም። ማኅበሩ ግን አለ፤ የቡሬዎቹ ልጆች የስልክ ግሩፕ ከፍተውለታል። ግሩፑ ጥሩ ነው፣ ለመቅረትም እጅግ ተመችቷል፤ እንደ ድሮው መጥቶ መናገር ቀርቷል። ባለፈው ወር ተራው የእኛ ነበርና ቅዳሜ ወደ ማንኩሳ ወረድኩ። እሑድ ጠዋት የእናቴ ስልክ ይንጫጫል፤ "እናኑዬ፣ እንዳናደክምሽ ብለን ነው"፣ "ለእኛ ብለሽ እንዳትቸገሪ"። እያነበብኩላት ያ የድሮው ፍርሃት መጣብኝ፤ ጣቴን ሰሙ የነካኝ ቦታ ላይ አሸሁት።

እናቴ የራሷን ዳቦ ከምጣዱ እያወጣች ቀና እንኳ አላለችም። "ጻፊ" አለችኝ።

"ምን ብዬ?"

"ጧፍ እየፈለግሁ ነው በያቸው።"

ጻፍኩ። ስልኩ ጸጥ አለ። ብዙም ሳይቆይ ከአጥሩ ማዶ የእግር ድምፅ፣ የዱላ ኳኳታ ተሰማ፤ ከሁሉም ቀድሞ የአያ ጫኔ ድምፅ ደረሰ።

"አጥፊው! አጥፊው እናኑ! መጥተናል!"

ጧፉ ገና አልተለኮሰም ነበር።