ስኳር ያለበት ንፍሮ

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ ጓዳ ቁጭ ብዬ ድንች እልጣለሁ፤ የልጅ ልጄ ቃልኪዳን ሳሎን ሆና ከስልኳ ጋር ታወራለች። ቱርክ አገር የትምህርት ዕድል አግኝታ ለመሄድ ጥቂት ቀናት ናቸው የቀሯት። ስልኩ አንድ ነገር ይላል፣ እሷ ትደግማለች፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ትበሳጫለች። በመሃል «ሱ ኢስቲዮሩም» ስትል ሰማሁ። ድንቹን አስቀምጬ፣ እጄን አደራርቄ፣ ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ ወሰድኩላት።

«ምንድን ነው እናና?» አለችኝ።

«ውሃ እፈልጋለሁ አላልሽም?»

ልጅቱ ስልኳን አየች፣ ብርጭቆውን አየች፣ እኔን አየች። አያቷ የታመመ ፈረስና ላም ስታክም ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት መሆኗን ታውቃለች፤ ድሮ ውጭ አገር መማሬንም ታውቃለች። ቱርክኛ ግን ከየት መጣ? እኔም ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ወደ ድንቼ ተመለስኩ። ዋጥ አደረግኩ እላለሁ እንጂ ፊቴ ላይ ሳይታወቅብኝ አልቀረም።

ተከትላኝ ገብታ ዱካ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ስንት ቋንቋ እንደማውቅ ጠየቀችኝና መልሴን ሳትጠብቅ የራሷን በጣቶቿ ቆጠረችልኝ፦ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አሁን ደግሞ ቱርክኛ፤ ሦስት። ከዚያ ጣቶቿን አጠፈቻቸው።

«እናና፣ እዚያ ሄጄ አፌ ባይፈታልኝስ?»

ይህን ስትል ድንቹን ትቼ ቀና ብዬ አየኋት። ይህችኑ ጥያቄ እኔም በእሷ ዕድሜ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼባታለሁ።

እኔ አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው። የተወለድኩት እዚሁ አዊ ውስጥ፣ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ሲሆን አማርኛን ያገኘሁት ዳንግላ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ትምህርት ቤት ስገባ ነው። የመጀመሪያ ቀን መምህሩ አስነስቶ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀኝ። የመለስኩለት ግማሹ አገውኛ ነበርና ክፍሉ በሳቅ ተደበላለቀ። ከዚያ ወዲህ የምናገረውን በልቤ ደጋግሜ ሳላሰናዳ አፌን የማልከፍት ልጅ ሆንኩ። በጽሑፍ የሚቀድመኝ የለም፤ ተናገሪ ሲሉኝ ግን ድንጋይ ነኝ።

በደርግ ጊዜ ውጤቴ ጥሩ ስለነበር የእንስሳት ሕክምና እንድማር ሶቪየት ኅብረት ተላክሁ። የደረሰችኝ ከተማ ኪሺኔቭ ናት፤ ሞልዶቫ የሚባለው የወይን አገር ዋና ከተማ። እንደደረስኩ ምን ምን ቋንቋ እንደምችል ጠየቁኝ። አማርኛና ጥቂት እንግሊዝኛ አልኩ። አገውኛን አልጠራሁትም። ከቋንቋ የሚቆጠር መሆኑ ትዝም አላለኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ሩስኪ፣ ሩሲያኛውን ማለቴ ነው፣ እሱን ብቻ ነው የምንማረው። አስተማሪያችን ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ የምትይዝ፣ ፈገግታ የምትሰስት ሴት ነበረች። በረዶው መውረድ ሲጀምር ከክፍል ስወጣ አስቆመችኝ። ክረምታቸው ሲያልቅ በፈታኞች ፊት የቃል ፈተና እንዳለ፣ የማይናገር ተማሪ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ቀስ አድርጋ አስረዳችኝ። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦

«ጽሑፍሽ ግሩም ነው። የላሚቱ ባለቤት ሲጠይቅሽ ግን ጽፈሽ ነው የምትመልሺለት?»

አንዷም ቃል አላመለጠችኝም። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ከመንደራችን ባሕር ተሻግራ የምትማር የመጀመሪያዋ ሴት ነበርኩ፤ አውቶቡስ እስክሳፈር አዲስ ቅዳም ድረስ ያልሸኘኝ ጎረቤት የለም። አባቴማ ልጄ ሐኪም ሆና ትመለሳለች እያለ ለገበያተኛው ሁሉ ሲያወራ ነበር የቆየው። አሁን ዲዳ ሆኜ ብመለስ በየትኛው ዓይኔ ነው የማየው?

የማደሪያችንን በር የምትጠብቅ ታንቲ ቬራ የምትባል ሴት ነበረች። ታንቲ ማለት እኛ አክስቴ እንደምንለው ነው። ከብርድ ስገባ ሙቅ ሻይ ትሰጠኛለች፤ አንድ ቀን አንገቴ ባዶ መሆኑን አይታ የራሷን የሱፍ ሻርፕ አውልቃ ጠመጠመችልኝ። አንዴ በሩስኪ፣ አንዴ በሞልዶቭኛ ታወራኛለች፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ይህችው ነበረች ወዳጅነታችን።

አንድ ጧት ቬራ በሩ ላይ የለችም። ባሏ ሞቷል አሉ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ያሳዝናል ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። እንዴት ተብሎ! ሻርፗን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ እሷ ሐዘን ላይ ተቀምጣ እኔ ክፍል ልገባ? ነጠላዬን ከሻንጣ አውጥቼ ካፖርቴ ላይ አዘቅዝቄ ለበስኩና በዚያ በረዶ ቤቷን እያጠያየቅሁ ሄድኩ። ማጠያየቅ ስል፣ ስሟን እየጠራሁ በእጄ እያሳየሁ ነው።

በእኛ አገር ለቅሶ የሚደርስ ሰው ዝም ብሎ አይገባም። ገና ከደጅ ድምፁ ይሰማል፤ ያለዚያ ምን ሊያደርግ መጣ ይባላል። እኔም የአጥሩን በር ስይዝ ድምፄን ለቀቅሁት። ደረቴን እየመታሁ፣ በአገውኛ፣ አገር ይያዝልኝ አልኩ። ሟቹን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ስለዚህ ለቬራ ነበር ያለቀስኩላት። «አንገቴን ያሞቀችልኝን ሴት፣ አንገቷን ማን አስደፋት» እያልኩ ገባሁ። እናቴን ሳላይ የከረምኩበት፣ የብርዱ፣ የዝምታዬ ብሶት ሁሉ አብሮ ወጣ።

ሰዉ ሻማ አብርቶ በሹክሹክታ ነበር የተቀመጠው። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ፈዘው ቀሩ፤ አንዲት አሮጊት አማተበች። አገሩን አለማወቄ ያን ጊዜ ገባኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎትቼ ያንን የዳንግላውን ሳቅ ጠበቅሁ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ቬራ ከተቀመጠችበት ተነሳች፣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና እሪ ብላ አለቀሰች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንባ አልወጣት ብሎ ዘመዶቿን ሲያስጨንቅ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። እኔ በአገውኛ፣ እሷ በሞልዶቭኛ፣ ተቃቅፈን የልባችንን አወጣን።

ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ምን ይደረጋል? ታጥቦ ጓዳ ይገባል። ሴቶቹ ድንች አቀረቡልኝ። ድንች ስትልጥ ላደገች ለአዊ ልጅ ድንች! ቆዳውን አሳስቼ ስልጠው ያቺ ያማተበችው አሮጊት ቢላዋዬን ቆማ ታይ ጀመር። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በትልቅ ሳህን የተቀቀለ ስንዴ አየሁ። ንፍሮ! እንደ እኛው፣ ለሟች! ቆንጥሬ አፌ ውስጥ ባደርገው ስኳር አለበት። በስመ አብ፣ ሐዘኑ አቅላቸውን አስቷቸው መስሎኝ ነበር። ወጉ እንዲያ ነው ለካ።

ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውምና ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ስወጣ እዚያው ሆነ መዋያዬ። እነሱም እንደ እኛ እስከ አርባ ይቆጥራሉ። ያቺ ያማተበችው አሮጊት የቬራ ጎረቤት ስትሆን ጋጋኡዝ ናት፤ ቋንቋቸው ለቱርክኛ የቀረበ ሕዝብ ናቸው። ቬራ ሞልዶቭኛ፣ አሮጊቷ ጋጋኡዝኛ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ሩስኪ። ውሃ አምጪ የሚሉኝ በሦስት ቋንቋ ነው፤ እኔም መጣሁ የምለው በሦስት ቋንቋ ሆነ። ስሳሳት ያርሙኛል፣ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ለቅሶ ቤት ማን ይስቃል! በዚያ ሁሉ ከተማ እንደ ልቤ የምሳሳትበት ቦታ ያቺ ጓዳ ብቻ መሆኗን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። አርባው ሲወጣ ወሬ እስከ መቀማት ደርሻለሁ።

የፈተናው ቀን መጣ። አስተማሪዬ መሃል ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ፈታኝና አንዲት ሴት ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ስለ ከተማችን ንገሪን አሉኝ። ስለ መናፈሻውና ስለ ፋብሪካው የሸመደድኩት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። አስተማሪዬ ብዕሯን አነሳች። በቃ፣ መመለሴ ነው ብዬ እጄን አንገቴ ላይ ወዳለው የቬራ ሻርፕ ሰደድኩ።

«በማደሪያችን በር ላይ የምትቀመጠው ሴት ባሏ ሞተ» ብዬ ጀመርኩ።

ከዚያ ማን ያስቁመኝ! ሰውየው የወይን እርሻ ውስጥ ይሠራ እንደነበር፣ ቬራ እንባ እንዳልወጣላት፣ እኔ እየጮህኩ መግባቴን፣ የአሮጊቷን ማማተብ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሩስኪው መሃል ሞልዶቭኛው ጥልቅ ይል ነበር። ንፍሮው ላይ ስደርስ፣ እኛ ለሟች ስኳር አናባክንም ብላቸው ሽማግሌው ከት ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። በንግግሬ ተስቆ ያላመመኝ ያን ቀን ነው።

አስተማሪዬ አልሳቀችም። ልታስተምር ስትመጣ በየጧቱ በቬራ በር ታልፋለች፣ መርዶውን ግን አልሰማችም ነበር። ይህን ሁሉ የት እንደተማርኩት ጠየቀችኝ።

«ለቅሶ ቤት» አልኳት።

ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጽፋ ወደ ሁለቱ ዞረችና «ትቀጥላለች» አለች። በማግስቱ በሩ ላይ ቆማ የቬራን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አየኋት።

ቀጠልኩ። ሐኪም ሆኜ ተመለስኩ፤ አባቴም እንደፎከረው ሆነለት። ጫግኒ፣ አዘና፣ ዳንግላ፣ ያልረገጥኩት በረት የለም፤ የፈረሱን ሕመም ባለቤቱን በአገውኛ እየጠየቅሁ ስንቱን አዳንኩ። እኮራለሁ፣ ምን ይደብቀዋል።

ቃልኪዳን ይህን ሁሉ ስትሰማ ስልኳን አልነካችም። እየጮህኩ ስገባ ያልኩትን፣ በዚያው በአገውኛው እንድነግራት ለመነችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አፌ ላይ አምጥቼው አላውቅም ነበር። አልኩት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ልጅቱ በአገውኛ ሳናግራት ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የምትመልስልኝ። በዚህኛው ጆሮዋ ገብቶ በዚያኛው የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ቀና ብላ አየችኝና፣ ቀስ ብላ፣ እየፈለገች፣ በአገውኛ መለሰች፦

«እናና፣ እኔ ስሄድ የእርስዎን አንገት ማን ያሞቅልዎታል?»

መጨረሻውን አበላሽታዋለች። አረምኳት እንጂ አልሳቅሁባትም። ደግማ በትክክል አለችው። ከዚያ ጣቶቿን ዘረጋችና እንደ አዲስ ቆጠረች፤ አውራ ጣቷን ለአገውኛ ሰጥታ ጀመረች፣ አራት ሆነላት።