ጎረቤትሽንም ይዘሽ ነይ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ባጃጁ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በኩል አለፈ። ከዚራ በረፋድ ሕልም ትመስላለች። ዛፎቹ ከመንገዱ በላይ ተቃቅፈዋል፤ ፀሐይ በቅጠሎቹ መሃል እየሾለከች አስፋልቱ ላይ ትንጠባጠባለች። ጭኔ ላይ በፌስታል የገዛሁት ጊሽጣ ነበር። ከአንድ አሮጌ በር ፊት ስንደርስ ሳላስበው፣ "አቁምልኝ ልጄ" አልኩ።

ሠላሳ ዓመት የማውቀው ታፔላ ከበሩ ላይ የለም። ሁለት የምስማር ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

"ዶክተር ሰብለ ጡረታ ወጥተዋል፣ እናቴ" አለኝ ዘበኛው። "አሁን ቤታቸው ናቸው።"

ወደ ባጃጁ ተመለስኩ። ጊሽጣው በስሏል፤ ሽታው ባጃጁን ሞልቶታል። በዚያ ሽታ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመቴ መጣብኝ።

ያኔ ከደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ብዙ ሰው በሚኖርበት ግቢ ነበርን። ባለቤቴ ታደሰ ባቡር ጋራዥ ይሠራል። በራችን ከአዬ መሪየም በር ጋር ትይዩ ነበር። አዬ በእሷ አፍ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይጠራታል። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ሊጥ ጠብሳ ትሸጥ ነበር። ከኦሮምኛ ወደ ሶማልኛ፣ ከሶማልኛ ወደ አማርኛ ሳትተነፍስ ትሻገራለች። እኔ በከተማው ዘመድ አልነበረኝም። ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት።

ልጄ ሚካኤል፣ ሚኪ፣ ሦስት ዓመት አልፎት አልተናገረም። ሲጠሩት አይዞርም። ቀኑን ሙሉ አዬ መሪየም ደጃፍ ሰሌን ላይ ተቀምጦ የጊሽጣ ዘር ይደረድራል፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ። እሷ ሙሸበኳን እየጠበሰች ታንጎራጉራለች። አልፎ አልፎ አንድ ዘር ከሰልፉ ጫፍ ታኖርና ትጠብቃለች። ያኔ ቀና ብሎ ያያታል።

እኔን አያየኝም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከአዲስ አበባ የመጣ የባለቤቴ ዘመድ፣ የተማረ ሰው ነው፣ "ቋንቋ ተደባልቆበት ነው፤ አንድ ብቻ ይስማ" አለን። ምክሩ ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በማግስቱ በነጠላ ጫማ ግቢውን ተሻገርኩ።

"አዬ፣ ለጊዜው ሚኪ አንቺ ጋ አይውልም።"

"ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ሐኪም ነው የከለከለ።"

ሐኪም አላየነውም ነበር። እሷ እጇ ላይ የቀረውን ሊጥ አየች። "ሐኪም ካለማ..." አለችና ወደ መጥበሻዋ ዞረች።

በሬን ዘጋሁ። ድሬዳዋ በር የሚዘጋበት አገር አይደለም፤ ሙቀቱም ጎረቤቱም አይፈቅዱም። ሚኪ በሩ ሥር በሆዱ ተኝቶ በስንጥቁ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። የነበረችው ትንሽ ድምፅም ጠፋች። ምግብ እምቢ አለ። እንዲህ ሁለት ወር ሄደ። ጸለይኩ፣ ተሳልኩ፣ ጸበል አስጠመቅኩት። የንስሐ አባቴ፣ "ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው፤ ሂጂ" አሉኝ። ሄድኩ።

ዶክተር ሰብለ ያኔ ወጣት ነበሩ። በፊት ሆስፒታል ተቅማጥና የሳንባ ምች ሲያክሙ ነበር የሚውሉት። ቆይተው እንዳጫወቱኝ፣ አንድ ቀን "አድኜ የላክሁት ልጅ ቤቱ ገብቶ እንዴት ይውላል?" ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ያ ሆነ፤ የልጁ እድገት፣ ጠባዩና ሰዎቹ። ክፍላቸው ውስጥ ጠረጴዛ አለ፤ አይቀመጡበትም። ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ፣ ሚኪ አጠገብ ቁጭ አሉ። ጆሮውን መረመሩ፤ ደህና ነው። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ማን ያበላዋል?"

"እኔ።"

"ማን ያስተኛዋል?"

"እኔ።"

"ከማን ጋር ይስቃል?"

ሚኪ ከኪሱ የጊሽጣ ዘር አውጥቶ መደርደር ጀመረ። ሐኪሟ አንዷን አንስተው ከጫፉ አኖሩ። ሚኪ ቀና ብሎ አያቸው፤ ሌላ ሰው ጠብቆ እንደነበር ከዓይኑ ያስታውቃል።

"ይህን ጨዋታ ማን አስለመደው?"

"ጎረቤታችን ናት።"

"ሐሙስ አባቱን ይዘሽ ነይ። ጎረቤትሽንም ይዘሽ ነይ።"

ሦስት ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም። አዬ መሪየም ከመጣች ውሸቴ ይወጣል፤ ካልመጣች ልጄ በር ሥር ይቀራል። ረቡዕ ማታ ሄጄ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነገርኳት። ምንም ሳትጠይቀኝ ሻሿን ለማጠብ ተነሣች።

ሐሙስ ጠዋት የደቻቱን ደረቅ አሸዋ አቋርጠን ሄድን። ታደሰ ከፊት፣ ሚኪ አዬ መሪየም ጀርባ ላይ፣ እኔ ከኋላ። ነፋስ ሰፊ ቀሚሷን ሲነፋው ልጄ በቀይ ጀልባ ላይ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ እንደገባን እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ልጄን የቀማሽኝ ሐኪም አንቺ ነሽ?"

ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዶክተር ሰብለ አዩኝ። ፊቴን አንብበው ጨረሱ።

"ይኸው ዛሬ መለስኩልሽ" አሏት።

ስለዚያ አንድ ቃል እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

አዬ መሪየም እየሳቀች ቁጭ አለች፤ ሚኪም ጭኗ ላይ። ሐኪሟ፣ "ውሃ ሲፈልግ ምን ይላል?" ብለው ጠየቁ።

"ምንም አይልም" አልኩ።

"እንዴት ምንም! 'ቢሻ' ይለኝ የለ!" አለች እሷ። ቢሻን በኦሮምኛ ውሃ ነው። እኔም ሲል ሰምቼው ነበር። የእኔ ቋንቋ ስላልሆነ ቃል ብዬ አልቆጠርኩትም።

"ቃል ነው" አሉ ዶክተር ሰብለ ቀስ ብለው። "ሁለት ሦስት ቋንቋ ልጅ አይጎዳም። አብሮት የሚስቀውን ሰው ማጣት ይጎዳል። ሚኪ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ እንደ ሌሎቹ ላይሆንም ይችላል። እናንተ አብራችሁት ሂዱ።"

መድኃኒት አላዘዙም። ለእኔ ዘር አኑሬ እንድጠብቅ፣ ልጁ ካላየኝ እንዳልቸኩል ነገሩኝ። አዬ መሪየም እንደ ድሮዋ እንድትቀጥል። ታደሰ ሲያጥበው እንዲዘፍንለት።

"እኔ? ልዝፈን?" አለ ታደሰ።

"ተይው ዶክተር" አለች አዬ መሪየም፤ "ልጁ ጭራሽ ይጠፋል።"

ስንመለስ አሸዋው መሃል ቆምኩ። ታደሰ ርቆ ነበር።

"አዬ፣ የከለከለሽ ሐኪም አልነበረም። እኔ ነኝ።"

"ወላሂ፣ ያን ዕለት አውቄአለሁ" አለች ሳትቆም። "በነጠላ ጫማ ሐኪም ቤት ይኬዳል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እናት ቀንታ ስትመጣ ምን ይባላል? ነይ፣ ፀሐዩ ልጁን መታው።"

ታደሰ መዝሙር ዘመረለት፤ ድምፁ እንደ ባቡር ነበር። እኔ ዘር እያኖርኩ ጠበቅሁ። መጠበቅ ጸሎት መሆኑን ያኔ ነው የተማርኩት። በስንተኛው ቀን እንደሆነ አላውቅም፣ ሚኪ ቀና ብሎ አየኝ። እኔን።

ክረምት ሲገባ ደጋው ላይ ዘንቦ ደቻቱ ሞላ። ሰፈሩ ሁሉ ጎርፍ ሊያይ ወጣ። ሚኪ አባቱ ትከሻ ላይ ነበር። ቡናማው ውሃ እያገሳ ሲያልፍ እጁን ዘረጋ፣ ወደ እኔ ዞረና "ቢሻን!" አለ፤ ሙሉውን።

"አዎ ልጄ፣ ቢሻን" አልኩት። ቆጠርኩት።

ሚኪ ዛሬ ቬንትሌተር ይጠግናል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ሥራ አያጣም። አሁንም ቃሉ ጥቂት ነው፣ በሦስት ቋንቋ። አዬ መሪየም ካረፈች ቆየች፤ መቃብሯ ዘንድ በየዓመቱ ይሄዳል። ዶክተር ሰብለ በእነዚህ ዓመታት ስንት ጎረቤት፣ ስንት አክስት፣ ስንት አያት ምንጣፋቸው ላይ እንዳስቀመጡ እግዚአብሔር ያውቃል።

እሑድ ቤት ገብቼ ለሚኪ ጡረታቸውን ነገርኩት። ጊሽጣውን አብረን በላን። ዘሮቹን በሰሃኑ ዳር ደረደረ፤ አንዷን እኔ ፊት አኖረና ጠበቀ። አንስቼ ከጫፉ አኖርኳት።

"ነገ እንሂድ" አለ። "ቬንትሌተራቸውን ልየው።"

ተመስገን።