ምንዳዬና እምቢ ያለው ኢሜይል

ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር፣ የሐበሻ ኮምፒውተር ሲታመም የምትጠራው ምንዳዬ ናት። ዱሮ አዲስ አበባ ቴሌግራም ቤት ትሠራ ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ በመተማ በኩል ወጣች። አል-ጣኢፍ በተባለ የካርቱም ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤት ስምንት ዓመት ወለል ወልውላለች። የቤቱ ጌታ ኮምፒውተር በተበላሸ ቁጥር የሚመጡትን ባለሙያዎች መወልወያዋን ተደግፋ ስታያቸው ከርማ፣ አንድ ቀን ባለሙያው ሲዘገይ ራሷ ቁጭ ብላ አስነሳችው። ከዚያ ወዲያ መወልወያ አልጨበጠችም። በሥራዋ ላይ ትሕትና የሚባል ነገር አታውቅም። “እኔ ያላዳንኩት ሞቷል ማለት ነው” ትላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እውነቷን ነው።

በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ የጎረቤቷ የጋሽ ተድላ ልጅ፣ ልደት የምትባለው፣ እያለከለከች መጣች።

“እትዬ ምንዳዬ፣ ያላ፣ ቶሎ! ሹግሌ፣ ሥራዬ ሊያመልጠኝ ነው!”

ልደት ካርቱም ተወልዳ ያደገች ስለሆነች፣ ስትደነግጥ አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ይሆናል። ላቦራቶሪ ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥራ ግን አላገኘችም። አሁን ማዮ ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ደውሎ “ቅጹን በኢሜይል ልከንልሻል፤ እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት ሞልተሽ በዚያው አድራሻ ካልመለስሽ ለሚቀጥለው ሰው እንሰጠዋለን” ብሏታል። ቤታቸው ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ከቅዳሜ ጀምሮ አንድም ደብዳቤ አልተቀበለም።

“በሌላ ኮምፒውተር አትከፍችውም?”

“የይለፍ ቃሉን ኮምፒውተሩ እንጂ እኔ አላስታውሰውም። የተመዘገበበት ስልክም ጠፍቷል።”

ምንዳዬ ቦርሳዋን አንስታ ተከተለቻት።

ጋሽ ተድላ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። አገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፤ በፖለቲካ ተሰደው ካርቱም ከገቡ ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ትናንት አንድ የሰፈር ባለሙያ መጥቶ የመቀበያውንም የመላኪያውንም ቁጥሮች እንደቀያየረ ነገሯት። አልሆን ሲለው “አካውንቱን አጥፍተን እንደ አዲስ እናስገባው” ብሎ ነበር።

ምንዳዬ ደንግጣ ቆመች። “አጠፋችሁት?”

“ኧረ አላጠፋንም።”

“እግዜር ይስጣችሁ። አካውንቱ ቢጠፋ የይለፍ ቃሉም አብሮ ገደል ይገባ ነበር።”

ቁጭ አለች። ምንም ነገር ከመንካቷ በፊት ያለውን እንዳለ ደብተሯ ላይ መገልበጥ ልማዷ ነው፤ ልደት ሰዓት እያየች ስትቁነጠነጥ እሷ ቀስ ብላ ጻፈች። ከዚያ ያ ጎበዝ ያበላሻቸውን የመቀበያና የመላኪያ ቁጥሮች በየቦታቸው መለሰችና “ተቀበል” የሚለውን ተጫነች። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። ልደት እጇን ሰዳ ዘጋችው።

“ይሄ ሁልጊዜ ይመጣል፤ ዝም በይው።”

“እጅሽን ሰብስቢ! የተጻፈ ነገር ይነበባል።”

እንደገና ተጫነችና አነበበች። ደብዳቤውን የሚያቀብለው የሰርቨሩ ሰርተፍኬት፣ ማለትም መታወቂያው፣ የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም ይላል። ጊዜው አልፏል ቢል አይገርማትም ነበር። ገና? ምን ዓይነት መታወቂያ ነው ቀኑ ገና ያልደረሰ? ዓይኗን ወደ ስክሪኑ ጥግ ጣል አደረገች፤ 4:20 AM ይላል፣ በፈረንጅ ሰዓት ገና ሌሊት ነው። ቀኑ ስድስት፣ ወሩ ዘጠኝ፣ ዓመቱ 2006።

ሳቋ መጣ። “ጋሽ ተድላ፣ ይህን ቀን ማን አስገባው?”

“እኔ ነኛ! ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ቀኑን ረስቶ አገኘሁት፤ አስተካከልኩት። ምን ጎደለው? ዛሬ ግንቦት ስድስት፣ 2006 አይደለም እንዴ?”

“ነው፤ በእኛ ነው። ይሄ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ዘጠነኛ ወር ሲሉት ሴፕቴምበር ይለዋል። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰዱት እኮ! ሰርቨሩ መታወቂያውን ሲያሳየው ‘አንተ ገና አልተወለድክም’ እያለ በር ይዘጋበታል።”

ጋሽ ተድላ አልሳቁም። “እኔ የፈረንጅ ቀን ቤቴ አላስገባም” አሉ። “ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ነገ አገሬ ስገባ ግር እንዳይለኝ ብዬ ነው በራሴ የምቆጥረው። ይሄን ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ።”

ምንዳዬ ታውቀዋለች። እሷም ስንት ዓመት “ለሚቀጥለው መስቀል አገሬ እገባለሁ” ስትል ኖራለች። አዘነችላቸው፤ ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው።

“ልጅቱ እስክትልክ ብቻ ነው። እንዳለቀ ወደ እርስዎ እመልሰዋለሁ፤ ቃሌ ነው።”

ጋሽ ተድላ ልጃቸውን አዩ። ልደት አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች።

“እንግዲያው አድርጊው።”

ምንዳዬ ግንቦትን ሜይ፣ ስድስትን አሥራ አራት፣ 2006ን 2014፣ አራት ሰዓት ተኩልን ከጠዋቱ አሥር ተኩል አደረገች። ተጫነች። ደብዳቤዎቹ ተራ በተራ ይወርዱ ጀመር፤ የክሊኒኩ አምስተኛው ነበር። ልደት ስሟን ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ አጠፋችው። ምንዳዬ ግን አላገዘቻትም፤ ሥራው የልጅቱ ነው። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ቅጹ ሄደ።

ከዚያ ሦስቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መልስ መጣ። ልደት አነበበችና እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው።

“ምን ይላል? ተናገሪ እንጂ!” አሉ አባቷ።

“አቡይ፣ አባዬ... ኸላስ፣ አለቀ፣ ቀጠሩኝ። እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ግቢ ይላል።”

ጋሽ ተድላ ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ፤ እንባቸውን ለመደበቅም አልሞከሩም። ምንዳዬ ትንሽ ጠበቀችና ቀኑን የምትቀይርበትን ሳጥን ከፈተች። ቃል ቃል ነው።

“ጋሽ ተድላ፣ ወደ እርስዎ ልመልሰው?”

ጋሽ ተድላ መነጽራቸውን ጠርገው የስክሪኑን ጥግ ብዙ አዩት።

“ተዪው” አሉ። “ልጄ ሥራ የምትገባው በዚህኛው ነው።”