አልጋ ያለው መኪና

ያ ቅዳሜ እንደማንኛውም ቅዳሜ ነበር። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ለየት ያለ ነገር ፈልጌበት አላገኘሁም። ከወንድሜ ጋር መኪናችንን ለሽያጭ ስናዘጋጅ ዋልን።

መኪናችን ስል ቤታችንን ማለቴ ነው። ወንድሜ በሾፌርነት ያገለግላቸው የነበሩ ፈረንጅ አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ ወደ አገራቸው ሲገቡ ትተውለት የሄዱት ነው። ውስጡ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ የሆነ ሁለት አልጋ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃና የእጅ መታጠቢያ ነበረው። ፈረንጁ ሐይቅ ዳር እየሄዱ ያድሩበት ነበር። እኛ ጎጃም በረንዳ፣ አንድ የእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ አቁመን አራት ዓመት ኖርንበት። ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ከቆመበት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። አሁን የግቢው ኃላፊ ቦታውን ፈለገው። ወንድሜም፣ "ሸጠን ግድግዳ ያለው ቤት እንገባለን። አንተም እንደ ሰው ጠረጴዛ ላይ ታጠናለህ" አለኝ።

ደላላው ጠዋት መጥቶ መኪናውን ዞሮ አየው።

"ስማ ጓድ ሾፌር፣ ይሄ እኮ መኪና አይደለም፣ ቤት ነው። ገዢ የሚሸሸው ለዚህ ነው።"

"ምን ያሸሸዋል?"

"አዋጁ አንድ ሰው አንድ ቤት አይደል የሚለው? ገዢው ቤት ካለው ይሄ ትርፍ ቤት ሊባልበት ነው። ቀበሌ ከነጎማው ይወርሰዋል!"

ወንድሜ እስኪያስለው ሳቀ። ደላላው ግን ግማሹን የተናገረው ከልቡ ነበር። ውስጡን ባዶ ካደረግነው፣ ዕቃ ሊጭንበት የሚፈልግ ሰው ሰኞ ጠዋት ይዞ እንደሚመጣ ነግሮን ሄደ።

ስለዚህ ነቀልን። ምድጃውን አወጣን፤ መጋረጃውን አጠብኩ። ወንድሜ በካቻቢቴ የታችኛውን አልጋ፣ የራሱን፣ ፈታ፤ እኔ ጣውላውን ያዝኩለት። ስምንት ብሎን ነበረው። እያንዳንዱን በእጅጌው ጠርጎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ከተተው። እንዲህ ነበር እሱ። ብሎን አይጥልም። የእኔ አልጋ ላይ ስንደርስ መሸ።

"ያንተ ነገ ይደርሳል። ዛሬ ተኛበት" አለኝ።

በግቢው በርበሬ የሚነግዱት እትዬ፣ ወንድሜ ወለሉ ላይ ሰሌን ሲያነጥፍ አዩት። እናት ስላልነበረን የሚቆጡን እሳቸው ነበሩ።

"ምነው መሬት ወረድህ? ለቅሶ አለብህ እንዴ?"

"አልጋዬን አፈረስኩት፣ እትዬ።"

"አልጋውን አፍርሶ መሬት የሚተኛ ሐዘንተኛ ነው። ሟርት ነው፣ ተው! ላይ ውጣና ከወንድምህ ጋር ተጠጋግታችሁ ተኙ።"

"ከዚህ ጋር? በእንቅልፉ ይራገጣል። በቅሎ ይሻለኛል።"

እትዬ "ኤዲያ!" ብለው ሄዱ።

እኔ... እዚህ ላይ ነው ሁልጊዜ የሚያቅተኝ። "ወንድምጋሼ፣ አንተ ላይ ተኛ፤ እኔ እወርዳለሁ" ማለት ነበረብኝ። አስቤው ነበር። ብርዱ ትዝ ሲለኝ ዝም አልኩ። ተከናነብኩ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

እሑድ ማለዳ ወገቡን እያሸ ተነሳ። "ወለሉ ለካ ብረት ነው" አለ። ለዚያ ቀን ማታ ከሰሌኑ ሥር የሚደረድረው ባዶ የቲማቲም ሳጥን ሊያመጣ ወደ አትክልት ተራ ወጣ።

"ሻይ አፍላና ጠብቀኝ።"

"ምድጃው ተነቅሏል እኮ።"

"እሱም አለ ለካ" ብሎ ሳቀ። የመጨረሻው ቃሉ ይህ ነው።

ሽንኩርት የጫነ መኪና ወደኋላ ሲመጣበት አላየውም። ሳጥኖቹን ተሸክሞ ስለነበር ጎኑ ተከልሎበት ነበር አሉ፣ የነበሩት ወዛደሮች። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበርነው።

ስንመለስ የዕድሩ ድንኳን ከመኪናው አጠገብ ተተክሏል። አንድ የዕድሩ ሰው ኮቱን አጣጥፎ ሰጠኝ። አንዱ ኪሱ ከባድ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ፣ በሰው መሐል፣ መሬት ላይ አደርኩ። ያን ያህል ሰው ከብቦኝ አድሬ አላውቅም። በእንቅልፌ ብራገጥ ግን የሚቀልድብኝ አልነበረም።

ሰኞ ማለዳ ሰው ሳይነሳ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ሰሌኑ እንደተነጠፈ ነው። ጠቅልዬ አወጣሁት። የአልጋውን ጣውላ ካስደገፍንበት የመጋዘን ግድግዳ አምጥቼ፣ ብሎኖቹን ከኮቱ ኪስ አውጥቼ ጋዜጣውን ፈታሁ። ጣውላውን በጉልበት ደግፎ በአንድ እጅ ብሎን ማስገባት ከባድ ነው። ከእጄ እያመለጠ ወደቀ፤ እያነሳሁ ሞከርኩ። አምስተኛው ላይ ስደርስ እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ምን እያደረግህ ነው ልጄ? ሐዘንተኛ አልጋ ላይ አይወጣም።"

"ለእኔ አይደለም፣ እትዬ።"

ገብተው ጣውላውን በሁለት እጃቸው ደገፉልኝ።

ስምንተኛውን ሳጠብቅ ደላላው ገዢውን አስከትሎ መጣ። ድንኳኑን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እግዜር ያጥናህ። ሌላ ቀን እንመለሳለን።"

"ዛሬ ይዩት" አልኩ። "ግቢውን መልቀቄ አይቀርም። ግን ይህ አልጋ አይነቀልም።"

ገዢው አንገቱን አስግጎ ገባና ታቹንም ላዩንም አየ።

"የላይኛውስ?"

"እሱ የእኔ ነው፤ ይነቀላል" አልኩ። ካቻቢቴውን አንስቼ የራሴን አልጋ መፍታት ጀመርኩ።